የአደራ መኪና

እንጅባራ ውስጥ፣ እኛ ኮሶበር በምንላት ከተማ፣ «እንግዳዋ» ብትሉ የማያውቃት የለም። ሰው እንዳትመስላችሁ፤ መኪና ናት። ከገበያው ጀርባ፣ በሙነወር ጠሃ ጋራዥ ግቢ ውስጥ፣ ከቆርቆሮ ጥላ ሥር የቆመች፣ ሁለት በር ብቻ ያላት፣ ጣራዋ ወደ ኋላ የሚታጠፍ ቀይ የጣሊያን የስፖርት መኪና። ከመሬት ብዙም ስለማትርቅ ዶሮ እንኳ በሥሯ ስታልፍ ጎንበስ ትላለች እያሉ ቀልደኞች ይስቁባታል። መጣች፣ ተቀመጠች፣ ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ልሂድ ሳትል ቀረች። እንግዳዋ የተባለችውም ለዚህ ነው።

ሙነወር ሃምሳ ዓመቱ ነው። ቁመቱ አጠር፣ ትከሻው ሰፋ ያለ፣ እጁ ላይ ያለው ቅባት ከቆዳው ጋር ተዋህዶ የቀረ ሰው። በአካባቢው ካርቡሬተር ፈትቶ መልሶ የሚገጥም ከተፈለገ ሰው ሁሉ የሚጠቁመው ወደ እሱ ነው። ዛሬ ዛሬ መኪናው ሁሉ በኮምፒውተር የሚታዘዝ ስለሆነ ፈላጊው ቀንሶበት፣ የሚበላው ባጃጅ እየጠገነ ነው። ዝምተኛ ነው፤ ሲናደድ ካቻቢቴውን አሽቀንጥሮ ይወረውርና ትንሽ ቆይቶ ራሱ ሄዶ ያነሳዋል። እሱ መኪናዋን ይጠብቅ ወይስ እሷ እሱን ትጠብቀው፣ ጎረቤት ሆኜ ይህን ሁሉ ዓመት ሳይ በቅጡ ሳይገባኝ ቆይቷል።

በ1990 ዓ.ም. ሙነወር የሃያ ሦስት ዓመት ጎረምሳ ነበር። ባሕር ዳር አንድ ትልቅ ጋራዥ ውስጥ ሥራ አግኝቶ፣ ልብሱን በከረጢት ሸክፎ የሰኞን አውቶቡስ ይጠብቃል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አባቱ ጠሃ ይችን ቀይ መኪና በሰው እያስገፉ ወደ ግቢ አስገቡ። የመንገድ ሥራ መሐንዲሱ የአቶ ዓለምነው መኪና ነበረች። ከአስመራ የገዟት፣ እሑድ እሑድ ሴት ልጃቸውን አጠገባቸው አስቀምጠው ወደ ዘንገና ሐይቅ የሚንሸራሸሩባት፣ ስታልፍ ገበሬው በቅሎውን ይዞ መንገድ ዳር ቆሞ የሚያያት ያችው መኪና። አቶ ዓለምነው ሥራቸው ወደ ሐዋሳ ተዛውሮ ቤተሰቡ ጓዙን እየጫነ ነበር። መኪናዋ ደግሞ የቤንዚን ታንከሯ ከውስጥ ዝጎ፣ ዝገቱ በቱቦው ወደ ካርቡሬተሩ እየወረደ፣ ትንሽ ሄዳ ቀጥ ትላለች።

«አማና ናት» አሉ ጠሃ፣ ፊታቸውን ወደ ልጃቸው ሳያዞሩ። «ሰውየው እስኪመለሱ ጠብቄ፣ አስነስቼ ላስረክብ ቃል ገብቻለሁ። እኔ እንደምታየኝ ወገቤ አልቋል። አንተ ከሄድክ በማን እጅ ትሠራለች?»

አማና አደራ ነው፤ በእነ ሙነወር ቤት ግን ክብደቱ ለብቻው ነው። የሰው ዕቃ እጅህ ላይ ካለ አትገለገልበትም፣ አትሸጠውም፣ ጥለኸውም አትሄድም። ብትሞት ጥበቃውን ለልጅህ ታወርሳለህ። የገጠሩ ገበሬ የድንች ጆንያውንና የማር ጋኑን ከነጠሃ ደጅ ላይ ጥሎ፣ ቤተ ክርስቲያን ተሳልሞ፣ ጉዳዩን ጨርሶ ማታ የሚመለሰው ይህን ስለሚያውቅ ነው። አንድ ቀን አንዲት ድንች ጎደለች ያለ የለም።

የሰኞው አውቶቡስ ጡሩምባውን እየነፋ ሲያልፍ ሙነወር ከመኪናዋ ሥር በጀርባው ተንጋሎ ነበር። «አንድ ወር ነው» አለ ለራሱ። «ቢበዛ ሁለት።»

አቶ ዓለምነው አልተመለሱም። አልጻፉም፣ አልደወሉም። ጠሃ «ሰው ሥራ ይዞት ነው» ይላሉ፤ ከዚያ ሌላ ነገር ያነሳሉ። የባሕር ዳሩ ጋራዥ ሌላ ሰው ቀጠረ። ሙነወር የማር ነጋዴዋን ዋሂዳን አገባ፤ ልጆች ወለዱ፣ ልጆቹ አደጉ፣ ልጆቹ ሄዱ። የመጀመሪያዋ ልጁ አፊያ ባሕር ዳር አግብታ ስትወልድ «አባ፣ ኑ ከእኛ ጋር ኑሩ። እዚያ ግቢ ውስጥ ምን አላችሁ?» ማለት ጀመረች። ምን አላቸው? መኪና አላቸው፤ ያውም የእነሱ ያልሆነች። ግቢውን ሸጦ እንዳይሄድ መኪናዋን የት ያድርጋት? ዘግቶ እንዳይሄድ ማን ይጠብቃት? ለልጁ ሠርግ ባሕር ዳር ወርዶ እንኳ በማግስቱ ነው የተመለሰው። ሙሽራዋ ስታለቅስ፣ እሱ ቆርቆሮው ያፈስባት ይሆን እያለ ዝናብ ይቆጥር ነበር።

ጠሃ በ2001 ዓ.ም. ሲያርፉ ሙነወር አጠገባቸው ነበር። «መኪናዋ…» ብለው ጀመሩ፤ ሳል አቋረጣቸው። «አባ፣ አይስጉ። እኔ እያለሁ ማንም አይነካትም» አላቸው። ሽማግሌው እጁን ይዘው ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ሙነወር ልባቸው ያረፈ መሰለው።

ከዚያ ወዲያ ያለው ኑሮው በየዓመቱ አንድ ነው። ክረምቱ ሲወጣ ታንከሯን ያወርዳል፤ ጠጠር ከትቶ ሁለት ቀን ሙሉ እያንገጫገጨ ዝገቱን ያራግፋል። የቤንዚን ፓምፗ ውስጥ ያለችውን ስስ ጎማ ከባጃጅ ካላማዳርያ ቆርጦ ይተካል፤ ቤንዚኑ በዓመቱ ይበላታልና በዓመቱ ይቀይራታል። ቱቦዎቹን ይነፋል፣ ካንዴላዎቹን ያጸዳል። ከዚያ በበሩ በኩል እጁን ሰዶ ያስነሳታል፤ ትንሽ ያጓራታል፣ ያጠፋታል። ወንበሯ ላይ ግን ቁጭ ብሎ አያውቅም። የሰው ናት። ዋሂዳ አንድ ቀን ተናዳ «ይችን ያህል እኔን ብትንከባከበኝ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ በሆንኩ!» ብላው፣ እሱም ሳቁ መጥቶበት እንደነበር ያስታውሳል።

ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ ነው ነገሩ የተንቀሳቀሰው። ለዋሂዳ ማር የምታመጣላት የዳንግላዋ እንቁ፣ ዋጋ ስትከራከር ቆይታ በመሃል አንድ ወሬ ጣል አደረገች። የሟቹ የመሐንዲስ ዓለምነው ልጅ ለአክስቷ አርባ ዳንግላ መጥታለች። ዋሂዳ ማሩን እዚያው ጥላ ወደ ጋራዡ ሮጠች። ሙነወር ባለመኪናው መሞታቸውንም ልጃቸው በቅርብ መኖሯንም ባንድ ጊዜ ሰማ። ቁጥሯን አፈላልጎ ደወለ።

«ወይዘሮ እመቤት? የአቶ ዓለምነው ልጅ?»

«ነኝ። ማን ልበል?»

«ሙነወር ነኝ፣ የጠሃ ልጅ፣ ከኮሶበር። የአባትዎ መኪና…»

«ቀይዋ?» ድምጿ እንደ ልጅ ድምፅ ሆነ። «አሁንም አለች? ትሄዳለች?»

«ትነሳለች። መጥተው…» እዚህ ላይ ኔትዎርኩ ቁርጥ አለ።

ማታ በአጭር መልእክት ሐሙስ እንደምትመጣ ጻፈችለት። ቅዳሜ ጠዋት ከዳንግላ ወደ ሐዋሳ መነሳት አለባት፤ በጸጥታ ችግር ሲዘጋ ሲከፈት የሚከርመው መንገድ በተከፈተበት ቀን ያልሄደ ሰው ደግሞ መቼ እንደሚሄድ አይታወቅም። እንግዲህ ያለው ሐሙስና ዓርብ ነው። በእነዚህ ሁለት ቀናት መኪናዋ በራሷ ሞተር ከግቢ ወጥታ፣ ዳንግላ አክስቷ ግቢም ብትሆን ገብታ ከቆመች፣ ሙነወር ነፃ ሰው ነው። በገመድ ተጎትታ መውጣት አይሆንም፤ ጠሃ አስነስቼ አስረክባለሁ ነው ያሉት። «ቅዳሜን ካለፈች» አላት ለዋሂዳ፣ «እኔ ከዚህ ግቢ የምወጣው በቃሬዛ ነው።»

ቤንዚኑ ተዘጋጅቶ ነበር። የዚያን ሰሞን ነገር መቼም ታውቁታላችሁ፤ ማደያው ቤንዚን ሲኖረው ሰልፉ ከተማውን ይዞራል፣ ሰልፉ ሲያጥር ቤንዚኑ አልቋል። ሙነወር ሁለት ወር ሙሉ ከዚህም ከዚያም ጠብ ጠብ እያደረገ አሥራ አምስት ሊትር አጠራቅሟል። የራሱ ጄሪካን ታቹ ተሰንጥቆ ስለነበር ከዋሂዳ የማር ጄሪካኖች አንዱን አነሳ። ሰነፍ አይደለም፤ ሦስት ጊዜ በሙቅ ውሃ አጠበ፣ ፀሐይ ላይ ደፋው፣ አፍንጫውን ከትቶ አሸተተ። በዚያ አገር እንዲህ በሙቅ ውሃ የታጠበ የማር ጄሪካን ንጹሕ ነው፤ የመጠጥ ውሃ ይቀዳበታል። እሱም ልቡ አምኖ ቤንዚኑን ገለበጠበት።

ሮብ ጠዋት መኪናዋን አስነሳ። ድምጿ ያማረ ነበር። ዋሂዳ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ቆመች። ዘጠኝ ደቂቃ ያህል እንደሠራች ሳል ሳል አላት፣ ተንገጫገጨች፣ ጸጥ አለች። ሙነወር ዝገት ነው ብሎ ካርቡሬተሩን ፈታ። ከውስጡ ቤንዚን የሚያልፍባቸውን ቀዳዳቸው እንደ መርፌ ዓይን የሆኑ የናስ ቁራጮች አወጣ፤ በኩባያ ከጄሪካኑ ቤንዚን ቀድቶ አጠባቸው፤ ወደ ሰማይ አንስቶ በቀዳዳቸው አየ። ሰማዩ ይታያል። መልሶ ገጠማቸው። ተነሳች። ዘጠኝ ደቂቃ። ጸጥ።

እንደገና ፈታ። ዝገት የለም። ፊልትሮው ንጹሕ፣ ፓምፑ ይተፋል፣ ቱቦው ክፍት ነው። አጠበ፣ ገጠመ፣ አስነሳ፤ በዘጠነኛው ደቂቃ ጸጥ። ሮብ ብቻ ስድስት ጊዜ ፈትቶ ስድስት ጊዜ ገጠማት። የኅዳር ብርድ ጣቱን አደንዝዞት ቡሎኖቹ ይወድቁበት ጀመር። ግቢው ጠበበው። ያ የቀርከሃ አጥር፣ ያ ቆርቆሮ፣ ያ ሃያ ሰባት ዓመት ያየው ግድግዳ ወደ እሱ እየተጠጋ መጣ። ካቻቢቴውን ወረወረ፤ አጥሩን አልፎ ጎረቤት ግቢ ወደቀ፣ የእኔው ግቢ መሆኑ ነው። መጥቶ ሲወስድ ሰላም እንኳ አላለኝም።

ሐሙስ ረፋድ ላይ እመቤት መጣች። የሠላሳ ሰባት ዓመት ሴት ናት፤ ጥቁር ለብሳለች፣ ፊቷ ግን ደስ ብሎታል። ግቢ ውስጥ ገብታ መኪናዋን ስታይ ቦርሳዋን መሬት ላይ ጥላ ኮፈኑን በሁለት እጇ ዳሰሰችው።

«እንደ ድሮዋ ናት እኮ! ጋሽ ሙነወር፣ ምን ዓይነት ሰው ነዎት?»

«የሰው ንብረት ነው» አለ ሙነወር። ቀና ብሎ ሊያያት አፍሯል። «እስከ ነገ ይታገሡኝ እንጂ አስነስቼ አሳይዎታለሁ።»

«ኧረ አይጨነቁ! ብትነሳም ባትነሳም እኔ አይቻታለሁ።»

አይጨነቁ ይባላል? ሙነወር በዚያ ቃል የባሰ ተጨነቀ። አስነሳላት፤ እመቤት እንደ ልጅ አጨበጨበች፤ ዘጠኝ ደቂቃ ሳይሞላ ጸጥ አለች። ቀኑን ሙሉ እንዲሁ ነው። ዋሂዳ ለእንግዳዋ ምግብ እየሠራች ብቅ ትላለች፤ ባሏን አይታው ትመለሳለች። ማታ እመቤት ለማደር ወደ ሆቴል ስትሄድ ሙነወር በርጩማ ላይ ተቀምጦ «በቃ፣ አልሆነም» አለ ድምፁን አውጥቶ።

ዓርብ ጠዋት እመቤት እንደገና መጣች። ሙነወር እንደ ልማዱ አስነሳ፣ እንደ ልማዷ ሞተች፣ ካርቡሬተሩን ፈታ። የናሷን ቁራጭ አውጥቶ ወደ ኩባያው ሊከታት ሲል እመቤት እጇን ዘረጋች።

«እስኪ ከመታጠቧ በፊት ልያት። ይቺ ትንሽ ነገር ናት ሁለት ቀን ያስቸገረችን?»

ሰጣት። ቀዳዳዋ ስላልታያት ወደ ፊቷ አስጠጋች፤ በጣቷ እሽት እሽት አደረገቻትና አሸተተች።

«ጧፍ ጧፍ ትሸታለች።»

«ምን?»

«ጧፍ፤ ቤተ ክርስቲያን የምናበራው። ለአክስቴ አርባ ይዤው የቆምኩት። ይኸው ነው ሽታው፣ አልሳሳትም።»

ሙነወር ጧፍ በእጁ ይዞ አያውቅም። ቁራጯን ተቀብሎ በጥፍሩ ጫፍ ቀዳዳዋን ጫረ። ጥፍሩ ላይ ነጣ ያለ፣ የሚለጠጥ ነገር ቀረ። ሁለት ቀን ሙሉ ያላየው፣ አውጥቶ ሳያይ ቶሎ ቤንዚን ውስጥ እየከተተ ስለሚያሟሟው ነው። ያሟሟበት ቤንዚን ራሱ ደግሞ ከዚያው ጄሪካን የተቀዳ ነበር።

«ሰም!» አለ። «ዋሂዳ! ዋሂዳ! ያ ጄሪካን ምን ነበረበት?»

ዋሂዳ ከማዕድ ቤት ወጣች። «ማር ነዋ! ምን ሊኖርበት ኖሯል? የአዘና ማር፣ ከነሰፈፉ።»

«አጥቤዋለሁ እኮ!»

«በምን?»

«በሙቅ ውሃ። ሦስት ጊዜ።»

ዋሂዳ መጀመሪያ አፏን በነጠላዋ ያዘች፣ አልቻለችም፣ ሳቋ አመለጣት። «አንተ ሰውዬ፣ ማሩን ነው ያጠብከው! ሰሙንማ ውሃ መች ያነሳዋል? እኔ ሰም ከዕቃ ላይ በምን እንደማስለቅቅ አንድ ቀን ጠይቀኸኝ ታውቃለህ? በነጭ ጋዝ ነው!»

ነገሩ ይህ ነበር። ቤንዚኑ የጄሪካኑን ሰም ቀስ እያለ አሟሙቶ ጠጣው። ካርቡሬተሩ ሞተሩ በሠራ ቁጥር ይቀዘቅዛል፤ በኮሶበር ኅዳር ደግሞ የባሰ ይበርዳል። ሰሙ እዚያች የመርፌ ዓይን ላይ ሲደርስ ይረጋና ይደፍናታል። የዳንግላም የባሕር ዳርም መካኒክ ይህን አይገምትም፤ ማር ነጋዴ ያገባ መካኒክ ግን ማወቅ ነበረበት። ሙነወር ራሱን በጥፊ መታ። ከዚያ ሳቀ፤ ዋሂዳ ሲስቅ ካየችው ሳምንት አልፎት ነበር።

ታንከሩን፣ ቱቦውን፣ ፓምፑን በነጭ ጋዝ አጠቡ። ንጹሕ ቤንዚን ግን የለም። ሙነወር በር ላይ ወጥቶ ባጃጁን አቁሞ ተሳፋሪ ወደሚጠብቀው ወደ አሸናፊ ሄደ።

«አሸናፊ፣ ስንት ሊትር አለህ?»

«ሦስት ትሆናለች ጋሼ። የነገ እንጀራዬ ናት። ምነው?»

«ለእንግዳዋ። ባለቤቷ መጥታለች።»

አሸናፊ አንድ ነገር በአዊኛ ለራሱ አጉተመተመና ቱቦ አውጥቶ ይቀዳ ጀመር። «ነገ ቆሜ እውላለሁ» አለ። «እርስዎ ያን ያህል ቆመው የለ!»

ሙነወር ጁምዓ ሰግዶ ተመለሰና አስነሳት። ሰዓቱን እያየ ቆመ። ዘጠኝ ደቂቃ። አሥር። አሥራ አምስት ደቂቃ ሆነ፤ ሞተሩ እንደዚያው ያጓራል፣ አንዴም አላሳለውም። ሃያ ሲሞላ ሙነወር ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እያለቀሰ መሆኑን ሁላችንም አይተናል፤ ያላየን መሰልን እንጂ።

«በሉ ወደ ዘንገና!» አለች እመቤት፣ በሩን ከፍታ እየገባች። «ያንሸራሽሩኝ።»

«እርስዎ ይንዷት እንጂ።»

«እኔ? እንዲህ ዓይነት ማርሽ አልችልም።»

ሾፌር ልትልክ ይሆናል ብሎ አሰበ። «እኔ እንድነዳት ይፈቅዳሉ?» ብሎ ጠየቀ ደግሞ።

«ኧረ ጋሽ ሙነወር፣ ምን ማለትዎ ነው?» ብላ ሳቀች። እንደ ፈቃድ ቆጠረው። ቢስሚላህ ብሎ ወንበሯ ላይ ተቀመጠ።

የዚያን ቀን ኮሶበር ሱቁን ትቶ ወጣ ቢባል ማጋነን አይደለም። ባጃጆች ጡሩምባ ነፉ፣ ሰው ስልኩን አውጥቶ ቀረጸ፣ ፈረሰኞች ፈረሳቸውን ገታ አድርገው አዩ። ሙነወር ግራ ቀኝ አላየም። መሪዋ በእጁ ቀላል ነበረች፤ ነፋሱ ግንባሩን መታው፤ ሃያ ሦስት ዓመቱ የሆነ መሰለው። ዘንገና አፋፍ ላይ ሲደርሱ እመቤት ወርዳ ውሃውን እያየች ጥቂት ቆመች። አባቷን እያሰበች እንደሆነ ስለገባው አልረበሻትም። እሱም የራሱን አሰበ፤ «አባ፣ አደረስኩልዎት» አለ በልቡ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ የዳንግላ ሚኒባስ የሚሞላበት መናኸሪያ ደረሱ። እመቤት ቦርሳዋን ይዛ ወረደች። ሙነወርም ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ። ቁልፉን በሁለት እጁ ይዞ፣ ስንት ዓመት ለራሱ ሲለማመደው የኖረውን ቃል ተናገረ።

«አባቴ ከአባትዎ የተረከቡትን አማና፣ እኔ ልጃቸው ለእርስዎ አስረክቤያለሁ። ዘግይተናል፤ ይቅር ይበሉን።»

እመቤት ቁልፉን አየች፣ እሱን አየች። ቀልድ መስሏት ፈገግ አለች፤ ፊቱን ስታይ ፈገግታዋ ጠፋ።

«ጋሽ ሙነወር፣ መኪናዋ የእናንተ ናት እኮ።»

«የማን?»

«የአባትዎ። አባቴ ለአቶ ጠሃ ሰጥተዋቸው ነው የሄድነው። እኔ አጠገባቸው ነበርኩ፤ የአሥር ዓመት ልጅ ነኝ፣ አልቅሻለሁ። ‹ጠሃ ያስነሷታል፣ ልጃቸው ይነዳታል፣ አታልቅሺ› አሉኝ። ሊብሬዋንም ፈርመው ሰጥተዋቸዋል። አላገኙትም?»

ሙነወር ሊብሬ የሚባል ነገር በዓይኑ አይቶ አያውቅም። እጁ እንደተዘረጋ ቀረ።

«ዳንግላ! ዳንግላ! አንድ ሰው! የቀረው አንድ ሰው ነው!» ረዳቱ ጮኸ። እመቤት ግራ ገባት፤ ወደ ሚኒባሱ ታያለች፣ ወደ እሱ ታያለች። «እኔ እኮ አንዴ ሊያንሸራሽሩኝ የጠሩኝ መስሎኝ ነው» አለች ዓይኗ እንባ እየሞላ። «ምን አጠፋሁ?»

«ምንም» አለ ሙነወር። «ምንም አላጠፉም። በሰላም ይግቡ።»

ሚኒባሱ ሄደ። ሙነወር መኪናዋ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። የከበበው ሰው እንኳን ደስ አለህ ይለዋል፤ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ያያል እንጂ አይሰማውም። አባቱን ጠላቸው። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ አፈር የለበሱትን አባቱን፣ ጥርሱን ነክሶ ጠላቸው። ቀጥሎ ያንን ቅዳሜ አሰበ። የተሸከፈውን ከረጢት፣ ያንድ ልጅ አባት የሆኑትን፣ ወገባቸው ያለቀውን ሽማግሌ። «ልጄ፣ ብቻዬን አትተወኝ» ማለት አቃታቸው። እሱ ደግሞ ጎረምሳ ነበር፤ ቢሉትም ይሄድ ነበር። ሊሻገረው የማይችለውን አንድ ቃል ያውቁ ነበርና ያን ቃል አሉት። ገባው። መግባቱ ግን ንዴቱን አላበረደለትም፤ ሃምሳ ዓመቱ ነው፣ ማን ይመልስለታል?

ሞተሩን አስነሳ። ወደ ቤት የሚወስደውን መታጠፊያ አየው፤ አልታጠፈም። የባሕር ዳርን መንገድ ይዞ ቀጥ ብሎ ወጣ። ልብስ አልያዘ፣ ለዋሂዳ አልነገረ። የመጨረሻዎቹን ቤቶች አለፈ፣ የከሰል ጆንያ የተደረደረበትን መንገድ ዳር አለፈ፣ ቤንዚን መስጫውን ረገጠ። አንድ ዳገት ወጣ፣ ሌላውን ሲጀምር ሞተሩ ሳል አለው። ያን ሳል ያውቀዋል። በዚህ ጊዜ ግን ሰም አልነበረም፣ ዝገትም አልነበረም። ወደ ዳር አስጠግቶ ቆመ። ጸጥ አለች።

ትንሽ ቆይቶ ስልኩን አወጣና ባሕር ዳር ደወለ።

«አባ!» አለች አፊያ። «ሰማሁ፣ እማ ደውላልኝ ነበር። ባለቤቷ ወሰደቻት?»

«አፊያ፣ እኔ ወጥቻለሁ።»

«ወዴት?»

«ወደ እናንተ።»

ልጅቱ መጮህ ጀመረች፤ ደስታ ይሁን ድንጋጤ አልለየለትም። ልጆቿን ስትጠራ፣ «አያታችሁ እየመጣ ነው» ስትል ሰማት። ከዚያ ወደ ስልኩ ተመለሰች።

«አባዬ፣ የት ደርሰሃል?»

ሙነወር አንገቱን አዙሮ ወደ ኋላ አየ። የከተማው ቆርቆሮ ጣራዎች አንድ በአንድ ይታያሉ።

«ኮሶበር ነኝ» አላት። «ቤንዚን አለቀብኝ።»